ከቅበላ በፊት የተሠራ ፍሬን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአቶ ተሰማ ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአቶ ተሰማን ላንድሮቨር ነበር። ሁለቱም በጃንሆይ ጊዜ ደህና ቀን አይተዋል፤ ሁለቱም አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ሲነሡ ያስላሉ። መንግሥት የአቶ ተሰማን ቪላዎች ትርፍ ቤት ብሎ ሲወርስ መኪናዋን የተወላቸው አዝኖላቸው እንዳይመስላችሁ። ቀርቦ ያያት ሹም ሁሉ "ይቺን ይዘን የት ልንደርስ" እያለ ስለተመለሰ ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው ጅቡቲ ወደብ ላይ የባሕር ጨው እየጠጣች ስለነበር፣ ከሥሯ ገብቶ ለሚመለከታት ከብረቷ ዝገቷ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ማዘንጊያን ወደ ሰርጓ የምትወስዳት ይቺ መኪና ናት።

ማዘንጊያ የአቶ ተሰማና የወይዘሮ ዘነበች አንድ ልጅ ናት። የታጨችው ሐረር ለሚገኝ ክፍሉ ለሚባል ሻምበል ነው። ሻምበሉን ያየችው አንድ ቀን ብቻ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለው ከሄዱ በኋላ ምሳ ሲጋበዝ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ሽጉጡን አውልቆ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠና ረጋ ብሎ በላ። እሷ ሽጉጡን ስታይ ምግቡ አልወርድ አላት፤ አባቷ ግን ያንኑ ሽጉጥ እንደ ጥላ አዩት። ቤቱ ለተወረሰበት፣ ከወዳጆቹ ከፊሉ ለታሰረበት፣ ከፊሉ ድንበር ለተሻገረበት ሰው፣ ሻምበል አማች ማለት ተኝቶ ማደር ማለት ነው።

ሰርጉ የተቆረጠው ለቅበላ እሑድ ነበር። ያ ቀን ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሰርግ የለም። ፋሲካ እስኪደርስ ሻምበሉ ወደ ሰሜን ይዘምታል። እናቱ ደግሞ አብዮት መጣ ብላችሁ ልጄን በጾም አትድሩብኝም ብለው እቅጩን ተናግረዋል። ሻምበሉ ፈቃድ ስለተከለከለ እንደ ወጉ ሚዜ አስከትሎ ሙሽራዋን ሊወስድ አይመጣም፤ ሙሽራዋ ራሷ ተጭና ትወሰድለታለች። ይህ ለአቶ ተሰማ ሞት ነበር፤ ዋጡት። አንዲት ነገር ብቻ አልዋጡም። "ልጄን በአውቶቡስ አልወስድም፣ በወታደር መኪናም አላስጭንም። በገዛ መኪናዬ አደርሳታለሁ" አሉ።

ማዘንጊያ ይህን ስትሰማ፣ ቀኑ ከተቆረጠ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ክብራቸው ከሚነካ አንገታቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ። መኪናዋ እስከ እሑድ ካልተነሣች አይሄዱም። ካልሄዱ ጾም ይገባል። ጾም ከገባ ሻምበሉ ይዘምታል። መኪናዋ የት ትታይ ሲባል፣ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ሳታነሣ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ውስጥ ላንድሮቨር የሚያውቅ አብዲቃድር የሚባል መካኒክ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ ብላ ለእናቷ ጣል አደረገች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አብዲቃድርን ከእሷ በላይ ማን ሊያውቀው!

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረ ጊዜ እሷ የቀበሌው አስተማሪ፣ እሱ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ነበር። ሱማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ አደርኛው በአፉ ላይ ይንከባለላል፤ ቁርኣን ይቀራል፤ የአማርኛ ፊደል ብቻ አያውቅም ነበር። እጁን በአሸዋ ፈትጎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ፊደሉን ሁሉ በቶሎ ያዘና "ኘ" ላይ ሲደርስ ደረቀ። ዛሬ ያውቀዋል፣ ነገ ይረሳዋል። ማዘንጊያም ክፍሉ ከተለቀቀ በኋላ እያስቀረች ታስጽፈው ነበር። አንድ ወር ሙሉ "ኘ" ሲያጽፉት የከረመ ሰው ከዓይኗ ዓይኑን የማይነቅልበት ምክንያት ሲገባት ጊዜው አልፏል፤ እሷም ወድዳዋለች።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው ያው የድሬዳዋ ፍቅር ነው፤ ደቻቱን መሃል አድርጎ መተያየት። እሷ ከከዚራ ወደ ገበያ ትሻገራለች፤ እሱ ከጋራዡ ደጅ ቆሞ እጁን ይጠርጋል። ያን ዓይነት አስተያየት ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም። አቶ ተሰማ ልጃቸውን ለእስላም መካኒክ ከሚሰጡ ሞታቸውን ይመርጣሉ። አብዲን ያሳደገችው አክስቱ ኻድራም ብትሆን የክርስቲያን ሙሽራ ይዞ ከሚመጣባት ወደ በርበራ ብትሰደድ ይሻላታል። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ብቻ ይስማሙ ነበር።

አቶ ተሰማ ሰኞ ዕለት መኪናዋን እያንፏቀቁ መጋላ አደረሱ። ለልጄ ሰርግ ነው፣ ቅዳሜ ሐረር መግባት አለብኝ ብለው ለአብዲ ነገሩት። አብዲ እጁን ጠርጎ ከሥር ገባ። የፍሬኑ ቱቦዎች ከፊት እስከ ኋላ በዝገት ተበልተው አልቀው ነበር፤ አንዱን በጥፍሩ ቢነካው እንደ ደረቅ ጭቃ ተፈረፈረ፤ የፍሬኑም ዘይት ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

ማዘንጊያ ከሰኞ ጀምሮ የጠበቀችው አንድ ወሬ ነበር፤ ዕቃ የለም የሚል። በዚያ ዘመን ዕቃ የለም ማለት ውሸት እንኳ አልነበረም፤ አገሩ በሙሉ ዕቃ አልነበረውም። ረቡዕ ማታ አባቷ ፊታቸው ፈክቶ ገቡ። ያ ልጅ ጉድ ነው አሉ። አክስቱ በጨርቅ ጠቅልላ በኮንትሮባንድ ያስገባችውን አዲስ የፍሬን ቱቦ እየለካ፣ እያጎበጠ፣ ጫፉን እያሰፋ አንድም ሳያስቀር ለውጦታል፤ ሲሠራ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፤ ነገ ያልቃል አሉ። ወይዘሮ ዘነበች መረቁት። ማዘንጊያ ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእኔ ሰርግ እንዲህ ቸኮለ ወይ ብላ አሰበች። ጥሎኛል፣ ሲገላገለኝ ነው አለች። ያን ሌሊት የጠላችው ሻምበሉን አልነበረም።

ሐሙስ አባቷ የይለፍ ወረቀት ሊያወጡ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ እሷና እናቷ ጋራዡ ጋ እንዲጠብቋቸው ተነገራቸው። አብዲ ሲያያት አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወደ ሥራው ዞረ። የቀረው አየሩን ከመስመሩ ማስወጣት ነበር፤ ይህ ደግሞ በአንድ እጅ አይጨበጨብም። አንዱ ከላይ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ሌላው ከጎማው ሥር ትንሿን ብሎን ከፍቶ አየሩን ያስወጣል። ረዳቱ ጃማዕ ውትድርና ሸሽቶ ጅቡቲ ከገባ ወዲህ አብዲ ብቻውን ነበር። ሰው ልጥራ ሲል ወይዘሮ ዘነበች ከለከሉት። "ማዘንጊያ ትረግጥልሃለች፣ ምን ሥራ ይዛለች" አሉትና፣ ደጅ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ዘርግታ ወደምትሸጠው ወደ ኻድራ ሄዱ። እግዜር ሲጫወት በእናት አፍም ይጫወታል።

ማዘንጊያ ጫማዋን አውልቃ መሪው ኋላ ተቀመጠች። አብዲ ፊቷን ሳያይ አስረዳት። ርገጪ ሲላት እንድትረግጥ፣ ያዢ ሲላት ፔዳሉ እስከ ታች ቢወርድም እንድትይዝ፣ በቃ ሳይላት ግን እግሯን እንዳታነሣ። "ቀድመሽ ካነሣሽ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ድካማችን ከንቱ ነው" አለና ከኋለኛው ጎማ ሥር ገባ። ለማንም ደንበኛ እንደሚናገረው ነበር የተናገራት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

ርገጪ አላት፣ ረገጠች። ያዢ አላት። ብሎኗ ስትከፈት ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ተሰማት። በቃ ከማለቱ በፊት እግሯን አነሣች።

ከታች ሆኖ ብሎኗን ዘጋ። ከዚያ አየር አለው፣ እንድገመው አላት። ደገሙት። አሁንም አነሣች። አብዲ ወጥቶ ዘይት ጨመረ፤ ተመልሶ ገብቶ የሠራውን መጋጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሲያጠብቅ ትንፋሹ ይሰማታል፤ የት ላይ ጥፋት እንደሠራ ሲፈልግ አንጀቷን በላት። ቢሆንም አልተወችም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ዘይት ግማሽ ሆነ፤ እሱ ብሎኑን ከመዝጋቱ በፊት እሷ እግሯን ታነሣለች።

ኋላ የብሎን መፍቻው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

"ማዘንጊያ" አለ ከሥር። ስሟን ከጠራት ወር አልፎት ነበር። "ያቺን ኘ ታስታውሻታለሽ?"

እግሯን ከፔዳሉ አወረደች።

"እንደማውቃት መቼ ነው የነቃሽብኝ?"

"ዘግይቼ" አለች።

"እኔም ዛሬ ዘግይቼ ነቃሁብሽ" አላት።

እንባዋ መጣ፤ ድምፅዋን ግን እናቷ እንዳይሰሙ አፈነችው። "መኪናዋን ወደ አንተ ያስላክሁት እንድትሠራት አይደለም፤ እንዳትሠራት ነው" አለችው። "የአባቴ ክብር ከዚህች መኪና ጋር የታሰረ ነው። ቅበላ እስኪያልፍ አልተቻለም ብትል አበቃ። አንተ ግን ሌሊት ሳይቀር ሠራህልኝ። ሰርጌ እንዲህ አስቸኮለህ?"

 ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"አባትሽ ለሰርጓ ነው ሲለኝ ሞትኩ። ኋላ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ድሬ ውስጥ ስንት መካኒክ እያለ ወደኔ ከላከችው አምናኝ ነው አልኩ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኛት ነው አልኩ። ሌላ ምን ልስጣት? ይሄንን ልስጣት አልኩ። ወላሂ፣ እንደዚህ አርጌ መኪና ሠርቼ አላውቅም።"

መካኒክ የወደደች ሴት ዕጣዋ ይህ ነው። ሌላው ለሚወዳት ዘፈን ያስመርጣል፤ የእሷው ሌላ ሰው ቤት በደህና እንድትደርስ ፍሬን ይሠራላታል።

አብዲ ከሥር ወጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ግንባሩ በዝገት ተለቅልቋል፤ ዓይኖቹ ግን ከኋላ ወንበር ሆነው ሰሌዳውን ትተው እሷን ሲያዩ የነበሩት ያው ዓይኖች ነበሩ። ጾሙ ካለፈ በኋላስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃት። ጾሙ ካለፈ በኋላ እኔ እዚሁ ነኝ አለችው። ሌላ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነበራትም፤ እሱም ሌላ አልጠየቃትም። የሠራውን ሥራ አልሠራሁም ብሎ እንደማያውቅ ነገራት፤ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ከዚያ "እሺ፣ እላለሁ" አላት።

ማዘንጊያ ያን ጊዜ ደስ አላት። እንዲህ በቀላሉ ነው የምነግራችሁ፤ ደስታዋም እንዲሁ ቀላል ነበር። በባዶ እግሯ፣ ዘይት በሸተተ መኪና ውስጥ፣ በዚያ ወበቅ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም።

አቶ ተሰማ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ገቡ። አብዲ ሳይጠየቅ ጀመረ። "ጋሼ፣ አልሆነልኝም" አለ። "መስመሩ አየር አልለቅ ብሏል፣ ፍሬኑ አይዝም። ሳምንት ያህል ተውልኝ።"

ማዘንጊያ የአባቷን ቁጣ ተዘጋጅታ ጠበቀች። ቁጣ አልመጣም። አቶ ተሰማ አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጡና ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ እንደዚያ ዕለት አርጅተው አይታቸው አታውቅም። ሻምበሉ ቀበሌ ድረስ ወታደር ልኮ፣ ተሰማ ይመጣል አይመጣም ብሎ አስጠይቆ ነበር። ሊቀመንበሩም በሰው ፊት፣ የከዳ ወታደር እንደሚመረመር አድርጎ ጠየቃቸው። ይህን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው።

"ሞተሩ ይነሣል?" አሉ ከዚያ።

"ይነሣል፣ ግን..."

"እንግዲያው ቅዳሜ እንሄዳለን።"

"ጋሼ፣ መንገዱ እኮ የደንገጎ ተራራ ነው!"

"ደንገጎ ሲሄዱ ዳገት ነው። ለዳገት ፍሬን ምን ይሠራልኛል? ልጄን አድርሼ ላስረክብ እንጂ፣ መመለሻውን እግዜር ያውቃል።"

ወይዘሮ ዘነበች ከደጅ ሰምተው መጥተው ነበር። አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። እኔም አብሬህ ነኝ፣ ብቻህን አትመለስም አሉ፤ ስለ ገበያ እንደሚያወሩ ዓይነት ረጋ ብለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ማዘንጊያ የአባቷን ክብር አውቃ፣ ፍርሃታቸውን አላወቀችም ነበር። ሃያ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ፣ ክብሩ ከላይ የተቀባ ቀለም መሆኑን፣ ከሥሩ ሰውየው በፍርሃት ተበልቶ ማለቁን አላየችም። አሁን ፍሬኑ ባይሠራም ሰርጉ አይቀርም። እሷ ዳገቱን ወጥታ ሐረር ትገባለች። ሰኞ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ስንት ጭነት መኪና ገደሉ ውስጥ እንደተኛ እያዩ የሚወርዱት እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው።

አብዲ አያት። ፍሬኑን ልጨርሰው ወይ ብሎ ፈቃድ መጠየቁ ነበር። አይሆንም ብትለው ውሸቱን ይዞ እንደሚጸና፣ የመኪናዋን ቁልፍ ደቻቱ ውስጥ እንደሚወረውርላት በዓይኑ አየችው፤ ያን ያህል እንደሚወዳት ባታውቅ ይሻላት ነበር። እናቷ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ባላቸውን እያራገቡ ነበር።

ማዘንጊያ ወደ መሪው ዞራ ተቀመጠች፤ እግሯንም ፔዳሉ ላይ አኖረች።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠብቀኝ" አለ አብዲ፣ ከእሷ ሳይነቅለው የቆየውን ዓይኑን ወደ መሬት መልሶ። "አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክረው።"

"ርገጪ" አለ ከሥር።

ረገጠች።

"ያዢ።"

"ይዣለሁ" አለችው።

ፔዳሉ ሰመጠ፣ እሷም አብራው ወረደች፤ አልለቀቀችም። በቃ እስኪል ጠበቀችው። ከኋለኛው ጎማ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ፊተኞቹ ዞረ። ርገጪ፣ ያዢ፣ በቃ። ፍቅራቸው ከተጀመረ እንደዚያ ቀን ብዙ ተነጋግረው አያውቁም፤ የተናገሩት ሁሉ ግን እነዚያን ቃላት ብቻ ነው። አንዳንዴ በቃ ለማለት ይዘገይ ነበር። እሷም ስለዘገየ አመሰገነችው።

በመጨረሻ ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ጠነከረ፤ ብትገፋውም አልወርድ አላት።

አቶ ተሰማ መኪናዋን ወደ ደቻቱ በሚወርደው መንገድ ሞክረዋት ሲመለሱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መስለው ነበር። ወይዘሮ ዘነበች የአብዲን ዘይት የነካ እጅ ሳይጸየፉ ያዙት። "የወለደችህ ትባረክ" አሉት። "እኛን እንዳሰብክልን አንተንም ለሰርግህ ያብቃህ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለ አብዲ።

ኻድራም ከጨርቋ ቀና ብላ አሚን አለች፤ ለእሷ ምርቃት ምርቃት ነው። ማዘንጊያ ግን የአብዲን አሜን ሰማችው። ምነው ዝም ባለ። ምነው በተሳደበ። በዕድሜዋ ብዙ አሜን ሰምታለች፤ የሰው አንጀት የሚቆርጥ አሜን እንዳለ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ጫማዋን ይዛ ከኋላ ወንበር ገባች፤ እሱም በሩን ዘጋላትና መስታወቱ ላይ እጁን ትንሽ አቆየ። የጣቱ አሻራ እዚያው ቀረ።

መኪናዋ የደቻቱን አሸዋ አቋርጣ ወደ ከዚራ ስትሄድ አቶ ተሰማ ደስታቸውን አልቻሉትም። ፍየል ባየ ቁጥር የሚረግጥ ሰው ሆኑ። ላንድሮቨሯም በተረገጠች ቁጥር ሳትንሸራተት፣ ሳትነቀንቅ፣ ሰው ወደ ፊት ሳትጥል ትቆማለች። ማዘንጊያ በየእርግጫው አንዲት ጉድለት ጠበቀች፤ ትንሽ መንሸራተት፣ ትንሽ ወደ ጎን መሳብ፣ የአብዲ እጅ አንድ ጊዜ እንኳ እንደተንቀጠቀጠ የሚነግራት ነገር። አልነበረም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በፍቅር የተሠራ ነበር፤ ለዚህም ነው ይቅር ልትለው ያልቻለችው። የራሷንም እግር ይቅር አላለችውም።

ዝም ብላ የያዘችው እንባ ድምፅ አወጣ። አቶ ተሰማ በመስታወቱ አይተዋት ደነገጡና ምን ሆነች ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

"ተዋት" አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። "ሙሽራ ታለቅሳለች።"

ማዘንጊያም ሰው ፊት ማልቀስ ከተፈቀደልኝስ ብላ፣ እስከ ግቢያቸው ድረስ እንደ ልቧ አለቀሰች። አቶ ተሰማ ከደጃቸው ሲደርሱ ፍሬኑን ረገጡት፤ መኪናዋም እሳቸው በፈለጉበት ቦታ ቀጥ ብላ ቆመች።